ጥንቅሽና ጠርሙስ

(ከሚሴ ለተሰበሰቡ የተማሪ ወላጆች የቀረበ ዲስኩር)



ከምንም በፊት ይህችን ጠርሙስ እዩልኝ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ አጥሩ ሥር ካለችው ሱቅ ነው የገዛኋት። ስደርስ አንድ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሱቁ በር ላይ ቆሞ የራሱን እየጨረሰ ነበር። አንገቱን ቀና አድርጎ ገለበጣት፣ ባዶ ጠርሙሱን አስረከበ፣ ሮጠ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ይህ ስኳር ነው፤ ይህ የሻይ ማንኪያ፤ ይህ ደግሞ ባዶ ሰሃን። በዚህች 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ የሟሟውን ያህል ስኳር እየሰፈርኩ ሰሃኑ ላይ ላፍስ፤ እናንተ ቁጠሩልኝ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት ላይ «ይበቃል» ያለ ሰው ሰማሁ፤ ገና ነው። ስድስት። ሰባት። ስምንት። ልክ ስምንት ነው ብዬ አልምልም፤ ማንኪያው ሞላም ጎደልም ይላል፤ ክብደቱ ግን ከ30 ግራም አለፍ ያለ ነው። እትየ፣ እርስዎ ከፊት የተቀመጡት፣ ለእንግዳ አንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ስምንት ማንኪያ ስኳር ጨምረው ቢያቀርቡ ጎረቤት ምን ይላል? አዎ፣ «ነካ አድርጓታል» ነው የሚለው። ጠርሙስ ውስጥ ሲሆን ግን ስሙ መስተንግዶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው ተጨማሪ ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች ይሁን፣ ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ያ ልጅ የአዋቂውን የተሻለ ልክ ትምህርት ሳይጀመር አልፎት ሄደ።

እኛስ ጣፋጭ ሳንቀምስ አደግን? አላደግንም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማሽላው እሸት ሲይዝ ጥንቅሽ እንሰብር አልነበረም ወይ? አሁን እዚህ ካለን ሰዎች መካከል የጥንቅሽ ልጣጭ ጣቱን ወይም ከንፈሩን ያልቆረጠው ካለ እጁን ያውጣ። የለም። በጥርስ መላጥ፣ አንጓውን መዝለል፣ ማኘክ፣ መምጠጥ፣ የታኘከውን መትፋት፣ እንደገና መንከስ። አንዱን አገዳ ጨርሶ ሁለተኛውን ለመጀመር መንጋጋ ይደክማል። ሆድ ከመሙላቱ በፊት መንጋጋ «በቃኝ» ይላል። ደግሞም ማሽላው ታጭዶ ሲከመር ነገሩ ያልቃል፤ እስከ ከርሞ። ጥንቅሽም ጥርስ ያበላሻል፤ መድኃኒት ነው አላልኩም። ግን ወቅት ነበረው፣ ድካምም ነበረው። ያች ሱቅ ወቅት የላትም፤ ሐምሌም ትሸጣለች፣ መጋቢትም ትሸጣለች።

አሁን ወደ ልብ ልግባ። የልብ ሕመም የሽማግሌ በሽታ ነው ብለን ነው የኖርነው። ቦርከናን አስቡት። ከደሴ ተራሮች ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ እኛ ጋ ጨፋ ሜዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይበርድና ደለሉን ይጥላል። መስኖ ያለው ሰው እንደሚያውቀው ቦይ በአንድ ቀን አይደፈንም። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ በስስ በስሱ ይነጠፋል፤ ውሃው ግን ይሄዳል፣ ማንም አይደነግጥም። አንድ ቀን ውሃው ሲቆም «ዛሬ ተደፈነ» እንላለን። የልብ ደም ሥርም እንዲሁ ነው። ስቡ ውስጠኛውን ግድግዳ እየለበጠ ይከርማል፤ ሰውየው የሚወድቀው በሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ልበጣው የተጀመረው ግን መቼ ነው?

ይህን ጥያቄ ሳያስቡት የመለሱት የጦር ሜዳ ሐኪሞች ናቸው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት ከሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች የ300ውን ልብ ከፍተው አዩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1953 አሳተሙ። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር። ሮጠው የማይደክሙ፣ ተመርምረው «ጤነኛ» ተብለው የዘመቱ ጎረምሶች ናቸው። ከመቶው በ77ቱ የልብ ደም ሥር ላይ የበሽታው ምልክት በዓይን የሚታይ ሆኖ ተገኘ። ኋላ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ሉዊዚያና ውስጥ ቦጋሉሳ በምትባል ትንሽ ከተማ ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና የተከታተሉ ሐኪሞች ደግሞ ስቡ መነጠፍ የሚጀምረው በልጅነት እንደሆነ፣ ውፍረት፣ የደም ግፊትና የደም ውስጥ ስብ በአንድ ልጅ ላይ ሲደራረቡም ልበጣው አብሮ እንደሚበዛ አሳዩ። ስለዚህ ስለ ልብ ለመነጋገር ትክክለኛው ሰዓት የመጀመሪያው ደረት ሕመም አይደለም። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጠርሙስ የሚገለብጥበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልለይ ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች በለስላሳ የታመሙ አይደሉም። ገሚሶቹ ሲወለዱ ጀምሮ ልባቸው ጉድለት ያለበት ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ጉሮሯቸውን ታመው በወቅቱ ያልታከሙ ናቸው፤ የጉሮሮው ሕመም ሰንብቶ የልባቸውን በር ያበላሸባቸው። ልጃችሁ ጉሮሮውን አሞት ሲያተኩሰው «ቶንሲል ነው፣ ይለቀዋል» ብላችሁ ቤት አታስታምሙት፣ አታስቆርጡትም፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይህ ከምግብ ጋር አይያያዝም፤ ግን ስለ ልጅ ልብ ተናግሬ እሱን ብተው ማን ይነግራችኋል?

ወደ ጉዳያችን። «እኛ አገር ችግሩ ማነስ ነው እንጂ መብዛት ነው እንዴ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ትክክል ነው፤ እኔም ወደዚያው ነው የምሄደው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች ከመቶው 38ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል 46ቱ። መቀንጨር ማለት መክሳት አይደለም። ልጁ ደም ግቡ፣ ሳቂታ፣ ጨዋታ ወዳድ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜው አምስት ሆኖ ቁመቱ ግን የሦስት ዓመት ነው። እናቱ «አባቱም አጭር ነው» ትላለች። አባቱስ ለምን አጠረ?

የኛን ወገን ታሪክ ላስታውሳችሁ፤ እዚህ ያላችሁ አረጋውያን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ባቲ ላይ የነበረውን መጠለያ። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ከበረሃ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋና ከወይና ደጋ ወጥቶ የሚገበያይባት ባቲ ያን ዓመት ሌላ ዓይነት ሕዝብ ሞላባት። የሞቱት ሞቱ፤ አላህ ይማራቸው። እኔ የምናገረው ስለ ተረፉት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን ልጆች ከገዛ ወንድምና እህቶቻቸው ጋር አስተያይተው ለኩ። ረሃቡ ሲከፋ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ላይ የነበሩት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። አባቱ ለምን አጠረ ላልኩት አንዱ መልስ ይኸው ነው። ቁመት ብቻ ቢሆን ደግሞ ምን ነበረበት። በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በዚያ ረሃብ ጊዜ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩትን ካልነበሩት ጋር ሲያነጻጽር፣ ሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ፣ የደም ግፊትና የስኳር መዛባት አንድ ላይ የሚመጡበት ችግር በማኅፀን በተራቡት ላይ በርትቶ አገኘው።

እንዴት ይሆናል? የተራበ ሰው ጉልምስናው ላይ ለምን በስብ ይታመማል?

አካል ቆጣቢ ነው። ማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ ከእናቱ የሚመጣለት ሲያንሰው «የምወለድበት አገር ድርቅ ነው» ብሎ ይዘጋጃል። ያለውን ለአንጎሉ ያስቀድማል፤ ከጉበቱ፣ ከቆሽቱ፣ ከኩላሊቱ ይቀንሳል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ ስብ ለውጦ ማስቀመጥ ይማራል። ሲወለድና ሲያድግ አገሩ በእርግጥ ድርቅ ከሆነ ይህ ብልሃት ያኖረዋል። ሲያድግ ግን መንገድ ዳር ሱቅ ተከፍቶ ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ ቢጠብቀውስ? ቆጣቢው ገላ በተነገረው መሠረት ያስቀምጠዋል። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1944 በገባው የብርድ ወራት በጀርመን ተከበው በተራቡ ጊዜ የተፀነሱት ልጆች፣ በኋላ በጠገበ አገር አድገው፣ ሃምሳ ሲደርሱ የልብ ሕመሙ ከሌላው በርትቶባቸዋል። እንግሊዝ ውስጥ ሄርትፎርድሺር በሚባል አውራጃ ደግሞ አዋላጆች የመዘገቡትን የልደት ክብደት ይዘው 5,654 ወንዶች ኋላ ምን እንደደረሰባቸው ያጣሩ ሐኪሞች፣ ሲወለዱና አንድ ዓመት ሲሞላቸው ክብደታቸው ዝቅተኛ የነበሩት በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሞቱ አዩ። የእኛዎቹ ከጎንደር በሱዳን በኩል፣ ኋላም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም አሉ። ሲገቡ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ የአዲሱን አገር ገበታ ከለመዱ በኋላ ግን በሽታው በርከት ብሎ ታየባቸው።

እንግዲህ ጨፋ ላይ የምንፈራው ሁለት በሽታ አይደለም። አንድ ነው። በሁለት ዓመቱ ያልጠገበው ልጅ፣ በስምንት ዓመቱ ጠርሙስ የሚገለብጠው፣ በአርባ አምስቱ ግፊት የሚይዘው፣ ያው አንድ ሰው ነው። «ለከተማ ልጅ ውፍረት፣ ለገጠር ልጅ ክሳት» ብለን ለየብቻ የምናወራው ነገር ባጃጅ አቋርጣው የምትሄድ የአንድ መንደር ታሪክ ሆኗል።

የሚያንገበግበኝን ልናገር። ይህ ሸለቆ የምግብ ደሃ አይደለም። በጋ ላይ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው ከብቱን ይዞ ወደ ረግረጉ ሲሰበሰብ የሚታለበውን ወተት አስቡ። የግመሉን ተዉት። ማሽላው አለ፣ ጤፉ አለ፣ በቆሎው አለ። ማሾስ? ማሾ እኮ እዚሁ ማሳችን ላይ ይበቅላል፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ዝናብ ቢያጥርም አያሳፍርም። ነጋዴ ይሰበስበዋል፣ በምርት ገበያ በኩል ያልፋል፣ ባሕር ይሻገራል። ባለፈው አንዲት እናት ጤና ጣቢያ የመጣችው ልጅ አዝላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ክንድ በመለኪያው ጥብጣብ ስታዞረው ቢጫው ላይ ቆመ፤ አረንጓዴ አልደረሰም። «ቤትሽ ምን እህል አለ?» አለቻት። «ምንም የለም፤ ማሾ ብቻ ነው፤ እሱም የሚሸጥ ነው።» ልጁ እጁ ላይ ግማሽ የተበላ ብስኩት ይዟል። ማሾው ተሸጦ ብስኩት ተገዛ። ሴትዮዋ ሰነፍ አይደለችም፤ ልጇን ትወዳለች፤ ብስኩቱን የገዛችው ስለምትወደው ነው። ማሾ የምግብ እህል መሆኑን ግን የነገራት የለም፤ የነገሯት ዋጋውን ነው። ማሾ ተከክቶ እንደ ምስር ወጥ ይሆናል፤ ተቀቅሎ ንፍሮ ይሆናል፤ ከማሽላ ጋር ተፈጭቶ የልጅ ገንፎ ይሆናል። ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፍራም ገንፎ፤ ላዩ ላይ እንቁላል ወይም ወተት፣ ሲገኝ ጎመን ወይም ዱባ። ቀጭን አጥሚት አይደለም። ቀጭኑ ሆድ ይነፋል እንጂ አያሳድግም። ማሾውን አትሽጡ አላልኩም፤ ከኩንታሉ ላይ ለልጁ አንድ ቁና አስቀሩለት።

ስለ ዘይት ባጭሩ። ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ደም ሥር ላይ ከሚከፉት የስብ ዓይነቶች ነው፤ የኑግ ዘይት ከዚህ ይሻላል። ርካሹን የገዛ ሰው ላይ አልፈርድም፤ ኪስ ነው የሚወስነው። የምፈርደው ረመዳን ላይ በምናደርገው ነገር ነው፤ ራሴንም ጨምሬ። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሆድ ተምርና ውሃ ሲጠብቅ፣ ሾርባ ሲጠብቅ፣ አንድ ዘይት ሦስት ቀን ተመላልሶ የተጠበሰበት ሳምቡሳ ይደረደርለታል፤ ከጎኑ ለስላሳ። ልጆቹ ባይጾሙም ከኢፍጣሩ አይቀሩም። ዒድ ሲደርስ ደግሞ ለስላሳ በሣጥን ያላስገባ ቤት እንደ ቋጣሪ ይቆጠራል። ይህን ነውር የሠራነው እኛ ነን፤ አባቶቻችን እንግዳ የሚቀበሉት በወተትና በቡና ነበር።

እግርም አለ። እረኛ የነበረ ልጅ ስንት ሰዓት ይራመድ እንደነበር ታውቃላችሁ። ዛሬ አስፋልቱን ይዞ ከሚሴ ለመግባት ባጃጅ ይጠብቃል። እረኝነት ይመለስ አልልም፤ ትምህርት ቤት መሆኑ ይሻላል። ግን ከቤቱ ትምህርት ቤት ሃያ ደቂቃ የሚሆን ልጅ በእግሩ ይሂድ።

አሁን ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ላይ ልምጣ፦ «ልጅ እያለ ይብላ፤ ሲያድግ ይተዋል።» ምላስ እንዲህ ቀላል አይደለችም። ምላስ የምትማረው ከመወለድ በፊት ጀምሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ ነፍሰ ጡር እናቶች የካሮት ጭማቂ እንዲጠጡ ተደርጎ፣ የወለዷቸው ልጆች ምግብ ሲጀምሩ ካሮት ያለበትን ገንፎ ከሌሎቹ ሕፃናት ይልቅ ፊት ሳያጨማድዱ በሉት። እናት የበላችውን ልጅ ያውቀዋል። እንግሊዝ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ስኳር በራሽን ትሰጥ ነበር፤ ራሽኑ የተነሣው እ.ኤ.አ. መስከረም 1953 ነው። ያ ቀን ሲደርስ አንዳንዱ ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር፣ አንዳንዱ ገና አልተፀነሰም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ማኅፀን ሳሉና በመጀመሪያ ዓመታታቸው ስኳር የተቆጠበላቸው ልጆች ስድሳ አካባቢ ሲደርሱ የስኳር በሽታው በ35 ከመቶ፣ የደም ግፊቱ በ20 ከመቶ ቀንሶላቸዋል። ማንም ስብከት አልሰበከላቸውም፤ ስኳሩ እንደ ልብ አልነበረም፣ በቃ።

የቤቴን ልጨምርና ላብቃ። የመጀመሪያ ልጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጡት ስታቆም ወተት እምቢ አለች፤ እኔም ማንኪያ ስኳር ጨመርኩላት፣ ጠጣች፤ ሁለት ሆነ። አራት ዓመት ሲሆናት ያለ ሦስት ማንኪያ ወተት «ይመራል» ትላለች። ወተት ይመራል! ከዚያ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስን አንድ ወር ያህል ለፋን። እየቀነስን ነው፣ ልጅቷ ግን ለውጥ የላትም። ኋላ ብንደርስበት እናቴ ናት፤ እኛ ዘወር ስንል ጓዳ ገብታ የቀነስነውን ትመልሳለች።

ተቆጣሁ። እናቴ ግን አልተቆጣችኝም፤ ዝም ብላ ቆየችና «አንተ ሆዴ ውስጥ ሳለህ ባቲ ምን እንደበላሁ ታውቃለህ? እኔ አውቃለሁ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔ ግራም እየቆጠርኩ ስናገር እሷ የምትቆጥረው ሌላ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእናቴ ስለ ስኳር የማስረዳት ሥራዬን ለልጄ ሰጠሁ፤ አያትና የልጅ ልጅ ይግባባሉ፤ አሁን ወተቱ ባዶውን ይጠጣል።

እናቴ ራሷ ግን ስኳር ወድዳ አታውቅም። የወሎ ሴት ናት፤ ቡናዋን በጨው ነው የምትጠጣው፤ አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም። ያለፉትን ዓመታት ሁሉ ግፊት አልነበራትም፤ አምና ተለክታ ተገኘባት። የጤና ባለሙያው ጨው ቀንሺ አላት። ቤት ስትመለስ ረከቦቱን አቅርባ፣ ጨዋን ጣል አድርጋ፣ እኔ ዓይን ዓይኗን ሳያት «ይህን የቀመስኩት ከእናቴ ጀርባ ሳልወርድ ነው» አለችኝ። «እናንተ ለሕፃን ልጅ ምላስ መመለስ አቅቷችሁ ወር ለፋችሁ። የኔን በስንት ወር ልትመልሱት ነው?»

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። ከበሩ አጠገብ ያለው ድስት የማሾ ንፍሮ ነው፤ እየቀመሳችሁ ብትጠይቁኝ ይሻላል።